ዓሣው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፦ የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎችን በሐሙሲት ለማሰባሰብ

በደቡብ ጎንደር ካለችው የሐሙሲት ከተማ በስተምዕራብ የተኛው ጣና ሐይቅ ዝግመተ ለውጥን ለሚያጠና ሰው በዓለም ላይ ብዙ አቻ የለውም። ስፋቱ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር፣ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታም 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ሰፊ ግን ጥልቀቱ ያነሰ ውኃ ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። ሳይንሱ ላቤዮባርበስ በሚባለው ወገን ይመድባቸዋል። ከሐይቁ በሚወጣው ዓባይ ላይ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ከታች ዓሣ ወደ ሐይቁ አይወጣም፤ የጣና ዓሦች ለብቻቸው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ የነበረው፣ ከእነዚህ ዓሦች ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ የዝርያዎች ስብስብ ከውጭ በገቡ ዓሦች ምክንያት ስለጠፋ፣ ዛሬ በዓለም ላይ ሳይበተን የቀረው የዚህ ዓይነት ስብስብ የጣናው ብቻ ነው። ይህን ሀብት የሚያጠኑ፣ የሚያስተምሩና የሚጠብቁ ሰዎች በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ፣ በዘንዘልማ ግቢ፣ በባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል፣ በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጎንደር ተበታትነው ይሠራሉ። የሚገናኙት በአብዛኛው ዓመታዊ ጉባኤ ወይም የፕሮጀክት ዐውደ ጥናት ሲዘጋጅ ነው። ይህ መመሪያ ያለ ቢሮ፣ ያለ በጀትና ያለ ማኅተም፣ በወር አንድ ጊዜ የሚያገናኛቸውን ስብስብ መመሥረት ለሚፈልጉ የተጻፈ ነው።

ከእርምጃዎቹ በፊት መሠረታዊው ሐሳብ ግልጽ መሆን አለበት። የተመራማሪዎች ስብስብ የሚጸናው በመተዳደሪያ ደንብ ሳይሆን በሦስት ነገሮች ነው፤ እነሱም የማይለወጥ ቀን፣ ሁሉም በእኩል ደረጃ የሚደርስበት ቦታ፣ እና ሁሉም በዓይኑ የሚያየውና በእጁ የሚነካው የጋራ ነገር ናቸው። ለዚህ ማስረጃው ታሪክ ነው። በ1920ዎቹ ሞስኮ ውስጥ ሰርጌይ ቼትቬሪኮቭ የሚመራቸው ጥቂት ወጣቶች በየተራ በአባላቱ ቤት እየተሰበሰቡ የውጭ ጽሑፎችን ያነቡ ነበር። ተናጋሪውን እያቋረጡ፣ እየጮኹ ይከራከሩ ስለነበር ስብስባቸው ስሙን ያገኘው ከጩኸታቸው ነው። በሞስኮ ዙሪያ በሜዳ የሰበሰቧቸውን የፍሬ ዝንቦች እያራቡ በውስጣቸው የተደበቀውን የዘር ልዩነት አሳዩ፤ ቼትቬሪኮቭም በ1926 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ ለዘመናዊው የዝግመተ ለውጥ ሳይንስ ከመሠረቶቹ አንዱ ሆነ። እሱ በ1929 እ.ኤ.አ. ታስሮ ከሞስኮ ሲባረር ስብስቡ ተበተነ። ይህም የሚያሳዝን ያህል ትምህርት አለው፤ በአንድ ሰው ላይ የቆመ ስብስብ ያ ሰው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። በካሊፎርኒያ በ1930ዎቹ የተጀመረው የባዮሲስተማቲስቶች ስብስብ ደግሞ ስብሰባውን በስታንፎርድ፣ በበርክሌይና በካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ መካከል ያዘዋውር ስለነበር የማንም ተቋም ንብረት ሳይሆን ቆየ። እኛ ዘንድ ይህን አሠራር አዲስ ነው ብሎ መማር አያስፈልግም። የጽዋ ማኅበር በወሩ ቀን ተረኛው ቤት ይሰበሰባል፣ ሙሴው ሥርዓቱን ይመራል፣ ተረኛው ሲያልፍ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፤ ይህ ሥርዓት ያለ ጸሐፊና ያለ በጀት ዓመታትን ይሻገራል።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ሰው መጥራት ሳይሆን ጥያቄ መምረጥ ነው። ጥያቄው ባለሙያዎች ያልተስማሙበት መሆን አለበት፤ የተስማሙበት ነገር ንግግር እንጂ ክርክር አይወልድም። ጣና በዚህ በኩል ሞልቶ የተረፈ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ከሐይቁ የሰበሰባቸውን ዓሦች ለየዝርያቸው ስም ሰጥቶ ነበር፤ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን አብዛኞቹን በአንድ ተለዋዋጭ ዝርያ ሥር ጠቀለሏቸው። በ1990ዎቹ የሆላንድ ቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌኦ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ በአፍ፣ በራስ፣ በዓይንና በአንጀት ልዩነታቸው ለያይተው ራሳቸውን የቻሉ ዝርያዎች መሆናቸውን ተከራከሩ፤ የኢትዮ-ሩሲያ የጋራ የባዮሎጂ ጉዞ አባላት የነበሩት ሚካኢል ሚናና ባልደረቦቹ ደግሞ ጉዳዩን በጥርጣሬ መረመሩት። ሌላም አለ። በሐይቁ ወለል ላይ በተደረገ ቁፋሮ ላይ ተመሥርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጣና ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር አሳይቷል። ታዲያ 15 ዝርያዎች ሐይቁ ዳግም ከሞላ በኋላ በዚህ አጭር ጊዜ ተለያዩ? ወይስ በገባር ወንዞች ውስጥ ተጠልለው የቆዩ አስቀድመው የተለያዩ ነበሩ? የእነዚህ ዓሦች ክሮሞሶም ወደ 150 ይደርሳል፤ የዘር መዝገባቸው እንደ ብዙ እንስሳት ሁለት እጥፍ ሳይሆን ስድስት እጥፍ ነው፤ ይህ የቅጂ ብዛት ለመለያየት ረድቷቸው ይሆን? ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ይያዙ። በየወሩ ርዕስ የሚቀያየርበት ስብስብ እንግዶችን ይስባል፣ ተመራማሪዎችን ግን አያሰነብትም።

ሁለተኛው ቀንና ቦታ ነው። ሐሙሲትን የምመርጠው ለስሜት ብዬ አይደለም። ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ በወረታ መንገድ ላይ ናት፤ ከዘንዘልማ የሚነሳውም፣ ከወረታና ከደብረ ታቦር የሚመጣውም በአንድ ታክሲ ይደርስባታል። ነጭ ዓሣ ለመራባት ከሚወጣባቸው ወንዞች አንዱ የሆነው ጉማራ ከከተማዋ ወደ ወረታ ሲኬድ የሚሻገሩት ነው። ከሁሉም በላይ ግን የማንም ተቋም ግቢ አይደለችም። ስብሰባው ሁልጊዜ በፔዳ ግቢ ቢሆን ከወረታ የሚመጣው ሁልጊዜ እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳ የሆነ ሰው ደግሞ አይከራከርም። የወሩን የመጀመሪያ ቅዳሜ ይያዙ፤ ሐሙስን ለገበያው ይተዉለት፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሜው ከዓመት በዓል ጋር ቢጋጭ ወደ ቀጣዩ ሳምንት ይዛወር፤ ይህ ሕግ ገና በመጀመሪያው ቀን ይነገር፣ ሰው በየወሩ ስልክ እየደወለ እንዳይጠይቅ። በእንግሊዝ የባዮሎጂ ሊቁ ሀክስሊና ስምንት ባልደረቦቹ በ1864 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የኤክስ ክለብ ከበጋው ወራት በቀር በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ራት እየበላ ሠላሳ ዓመት ያህል የቆየው ቀኑ ስላልተነካካ ነው።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይችል ተቃውሞ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን የማያስተማምን አድርጎታል፤ በየወሩ ሰውን ወደ መንገድ መጥራት ኃላፊነት የጎደለው አይሆንም ወይ? ይሆናል፣ መጥሪያው አማራጭ ከሌለው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስብስቡ ሁለት ክንፍ ይኑረው፤ መንገድ ሲዘጋ የባሕር ዳሩ በባሕር ዳር፣ የወረታና የደብረ ታቦሩ በወረታ በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጥያቄ ላይ ይቀመጡ። በሚቀጥለው የጋራ ስብሰባ ሁለቱም ማስታወሻቸውን ያነባሉ፤ ብዙ ጊዜ ተለያይተው ያሰቡ ሰዎች ሲገናኙ ክርክሩ ይጠነክራል። ስብሰባው በቀን ይጀምር፣ በቀን ይለቅ። በስብሰባው ዋዜማ ምሽት መንገዱን የሚያጣራ አንድ ሰው ይመደብ፤ እሱ ከተጠራጠረ ማንም አይከራከረው።

ሦስተኛው ጥሪው ነው። ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ሲበዛ ጥቂቶች ይናገራሉ፣ የቀሩት ያዳምጣሉ። ዝርዝሩን በማዕረግ አይሥሩት። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህራን፣ የዓሣ ምርምር ማዕከሉ ቴክኒሻኖች፣ እና ቢያንስ ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች ያስፈልጋሉ። የኋለኞቹን ለጌጥ አይጥሯቸው። የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር በጉማራ አፍ ላይ እንደሚሰበሰብ፣ የትኛው ወንዙ ሲደፈርስ እንደሚወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ተመራማሪው ይህን ለማወቅ አንድ ክረምት ሙሉ መረብ መጣል አለበት። ነገር ግን አስጋሪው የሥራ ቀኑን ትቶ ስለሚመጣ የዕለት ገቢው አባላቱ በሚያዋጡት ገንዘብ ይካካስለት፤ የዩኒቨርሲቲ ደመወዝተኛ ግን በራሱ ይምጣ። ይህ ልዩነት ግልጽ ከሆነ ማንም አይከፋም።

ዝግመተ ለውጥ የሚለው ቃል ራሱ በአካባቢያችን ያስፈራል የሚሉ አሉ፤ ብዙዎቹ ተሰብሳቢዎች አማኞች ናቸው፣ አንዳንዶቹም ዲያቆናት ይሆናሉ። ስጋቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ቃሉን መደበቅ አይደለም። የሚደብቅ ስብስብ የሚሸሽገው ነገር ያለው ያስመስለዋል። ከፍጥረት መጀመሪያ ሳይሆን ከጣና ዓሣ ይጀምሩ፤ ሰው ስለ ሩቁ ዘመን የሚያምነው ምንም ይሁን፣ የሁለት ዓሦች አፍ ለምን እንደተለያየ መመርመር ይችላል። የማንንም እምነት መግቢያ ፈተና አያድርጉ፤ ክርክሩ ግን በማስረጃ ብቻ እንደሚዳኝ ከፊቱ ይታወቅ። በዚሁ ደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ያካሄደው ምርምር ምን እንደሚቻል ያሳያል። እሱና አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ካህናቱን ሰብስበው ደኖቹ ከዓመት ዓመት እንዴት እየጠበቡ እንደመጡ በሳተላይት ምስል አሳዩ፤ ካህናቱም ምእመናኑን አስተባብረው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መካብ ጀመሩ። ካህናቱን ያሳመናቸው የዓይናቸው ምስክርነት ነበር።

አራተኛው እርምጃ የዚህ መመሪያ እምብርት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ዓሣ ይኑር። የባሕር ዳርና የአካባቢው ዓሣ ሻጮች ሥጋውን ከገፈፉ በኋላ ራሱን ብዙ ጊዜ ይጥሉታል ወይም በርካሽ ይሰጣሉ፤ ለስብስቡ ከራሱ የተሻለ ነገር የለም። የዐቢይ ጾም ወራት ገበያው ስለሚደምቅ አማራጩ ይበዛል። የተለያየ መልክ ያላቸው ስድስት ወይም ሰባት ራሶች ይግዙ። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ጣቱን ዓሣው አፍ ውስጥ ያስገባ፤ በመንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ አያገኝም። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች የመንጋጋ ጥርስ የላቸውም፤ የሚያኝኩት በጉሮሯቸው ባለ ጥርሳም አጥንት ነው። ቀጥሎ ራሶቹን ለየብቻ በድስት ቀቅለው ሥጋው ሲለቅ፣ ከስንጥብ መክደኛው ኋላ ያሉትን ሁለት የተጎበጡ አጥንቶች በጥንቃቄ ያውጡ፣ በጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ይደርድሩ። አኩቲሮስትሪስ የተባለው ዓሣ በል ዝርያ ቀጭንና ሹል ጥርስ ይኖረዋል፤ ጠንካራ ነገር የሚፈጩት ደግሞ ወፈር ያለ አጥንትና ደንደን ያለ ጥርስ። ኔድጂያ የተባለውን ዝርያ ቢያገኙ ወፍራም ከንፈሩን ማንም አይስተውም። በዓለም ላይ ከዚህ ቤተሰብ ዓሣ የሚበሉት እጅግ ጥቂት ሆነው ሳለ በጣና ብቻ ስምንት ዝርያዎች ዓሣ በል መሆናቸው ለምን እንደሚያስገርም የሚገባው እነዚህን አጥንቶች በእጁ የያዘ ሰው ነው። ማይክሮስኮፕ የለንም፣ የዘረመል ላቦራቶሪ የለንም የሚለው ቅሬታ ለብዙ ጥያቄዎች እውነት ነው፤ ለዚህ ግን አንድ ድስት፣ ማስመሪያና ካሜራ ያለው ስልክ ይበቃል።

ይህን ሲያደርጉ መዝገብ ይያዙ። ራሱ የሚገዛው ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሳይቆረጥ በፊት ግራ ጎኑ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ይነሳ፤ ሁልጊዜ ግራው፣ ምስሎቹ እንዲነጻጸሩ። የክንፉ ጫፍ በጠንካራ አልኮል ውስጥ ይቀመጥ፤ ፎርማሊን የዘር ሞለኪውሉን ስለሚያበላሽ ለዚህ አይሆንም። ምልክት ማድረጊያው ወረቀት በእርሳስ ተጽፎ በብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። ቀን፣ ቦታ፣ የአስጋሪው ስም ከፈቀደ፣ የውኃው ጥልቀት ይጻፉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህ መዝገብ ለማንኛውም ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ መነሻ ይሆናል።

ውይይቱ ሲጀመር አንድ ሰው ከሃያ ደቂቃ ያልበለጠ ያቅርብ፤ ፓወርፖይንት ባይኖር ይሻላል፣ ተናጋሪው ወደ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ዓሣው እንዲመለከት። ያልገባው ሰው ወዲያው ያቋርጥ፤ ጥያቄ ለመጨረሻ ይቆይ የሚለው ልማድ ለትልቅ አዳራሽ እንጂ ለአንድ ጠረጴዛ አይሆንም። ፕሮፌሰሩን ማቋረጥ ነውር ነው ብሎ የሚሸማቀቅ ተማሪ ይኖራል፤ ስለዚህ የስብስቡ መሪ፣ ማለትም ሙሴው፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሁልጊዜ ከታናሹ ይጠይቅ፣ አንጋፋው መጨረሻ ይናገር። በአማርኛ ይወያዩ፤ ቃሉ ሲጠፋ የእንግሊዝኛውን ይጠቀሙና ይቀጥሉ፣ አስጋሪው ካልገባው ግን ቆመው ያስረዱት። ቡናው ስብሰባውን ይምራ፤ በአቦል አቅርቦቱ፣ በቶና ክርክሩ፣ በበረካ ደግሞ እስከሚቀጥለው ወር ማን ምን እንደሚያጣራ ይወሰን። ያ ውሳኔ በደብተር ካልተጻፈ ስብሰባው ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉም ተቃውሞ ጠንካራው፣ ያለ አበል ሰው አይመጣም፣ መደበኛ ያልሆነ ስብሰባም ለዕድገት አይቆጠርም የሚለው ነው። አበል የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ሊቀር ይችላል፤ አይለምኑት። አበል የሚከፍል ስብሰባ በጀቱ ሲያልቅ ያልቃል፣ እያንዳንዱ ሰው የመጣው ለጥያቄው ይሁን ለገንዘቡም አይታወቅም። ለዕድገት የሚቆጠረው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ከተነቀፈ ረቂቅ ይወለዳል። ረቂቁን ለመጽሔት ከመላኩ በፊት ስምንት ሰው ፊት ያስነበበ ተመራማሪ ብዙ ወራት ከሚወስድ ውድቅ መሆን ይድናል። እንዲያም ሆኖ ሐሳቤን ይሰርቁኛል የሚል ፍርሃት አለ። ለዚህ አንድ ቀላል ሕግ ይበቃል፤ በደብተሩ ላይ ማን የትኛውን ሐሳብ መቼ እንዳነሳ ይጻፍ፣ ሥራው ሲታተምም ሰውየው ይጠቀስ። ይህን የጣሰ ሰው ሁለተኛ አይጠራ።

ጣና በእንቦጭ እየታፈነ፣ አስጋሪው በባዶ መረብ እየተመለሰ ስለ ዝርያ አመጣጥ መከራከር ቅንጦት ነው የሚልም ይመጣል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሞተር ጀልባና በመረብ የሚደረገው ማስገር በ1986 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ በኋላ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣው ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ አሳይተዋል። ይህ የሚደርሰው ዓሦቹ በክረምት በወንዝ አፍ ላይ ሲጠራቀሙ ስለሚያዙ ነው። ከ15ቱ ሰባቱ በወንዝ እንደሚራቡ ይታወቃል፤ በጉማራም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዝርያቸው በተለያየ ሳምንት ይወጣሉ። በገበያ ግን ሁሉም ነጭ ዓሣ ተብሎ በአንድ ይቆጠራል። በአንድ ቁጥር የተጠቀለለ ስብስብ ውስጥ አንድ ዝርያ ቢጠፋ ማንም አያውቅም። ስለዚህ የዝርያው ጥያቄ የጥበቃው ጥያቄ ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስብሰባው ወደ ወንዙ ዳር ይዛወርና አባላቱ በየሳምንቱ ምን እንደወጣ በየተራ ይመዝግቡ። ስብስቡ ሲጸና ወደ ሌሎች የአካባቢው ጥያቄዎች መሻገር ይችላል፤ የፎገራ ከብት ረግረጉን እንዴት እንደለመደ፣ ወይም በስሜን ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ሳይጨምር አነስተኛውን ኦክሲጅን እንዴት እንደሚቋቋሙ፤ ስለዚህኛው በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው የሲንቲያ ቢል ጥናት ለአንድ ዓመት ክርክር ይበቃል።

በመጨረሻ ከውጭ ስለሚመጣው ተመራማሪ። የጣና ዓሣ ሳይንስ የተጻፈው በአብዛኛው በውጭ ቋንቋ፣ በውጭ መጽሔት ነው፤ እሸቴ ደጀን፣ አበበ ጌታሁንና ዋሴ አንተነህን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን ያደረጉት ትልቅ አስተዋፅኦ ሳይረሳ። እንግዳ ተመራማሪ ሲመጣ ስብስቡ በሩን ክፍት ያድርግለት፣ ግን በሦስት ግዴታ፦ ከመሄዱ በፊት ቅዳሜ ቀን ያቅርብ፣ ያሳተመውን ቅጂ ለደብተሩ ይስጥ፣ የሰበሰበውን ናሙና እኩያ እዚሁ ያስቀር። የዘር ናሙና ከአገር ለማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ራሱ ያውቅ ይሆናል፤ ባያውቅ አባላቱ ይንገሩት፣ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ሳያይ ማንም አባል ብልቃጥ አያሽግለት። አጥንቶቹ፣ ብልቃጦቹና ደብተሩ በአንድ ሰው ቤት ሳይሆን ቁልፉ በሁለት ሰዎች እጅ ባለ ሳጥን ይቀመጡ፤ ሙሴው በየዓመቱ በመስከረም ሲለወጥ አንዱ ቁልፍ ወደ አዲሱ ይተላለፋል።